ሁለት ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ

ኮሮና የሚባለው ስም ዓለምን ባስደነገጠበት ሰሞን፣ ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብለን ሬዲዮ ስንሰማ፣ “ይሄንንስ አውቀዋለሁ” አልኩ። ልጆቼ እናታቸው ከፍርሃት ብዛት መቀባጠር የጀመረች መስሏቸው ተያዩ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። እሱን ራሱን ባይሆን የሩቅ ዘመዱን በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሰብ ላይ፣ አንድ የዶሮ ቤት ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ያስተዋወቁኝም ጋሽ በየነ ናቸው።

ባለፈው ወር ደግሞ ሰይድ ስልክ ደወለልኝ። ሰይድ በዚያን ጊዜ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ከባድ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ተቀምጦ የልጅ ልጆቹን ይነዳል። ወሬ ማለሳለስ አልፈጠረበትም። “ትርሲት፣ ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? ዝናቡስ? ጋሽ በየነ ሞቱ” አለኝ በአንድ ትንፋሽ። ሰማንያውን አልፈው ነበርና ዕድሜ አጠራቸው አይባልም፤ ያም ሆኖ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቴርሞሜትራቸው ነው።

ሌላ ሰው እርሳስ የሚሰካበት ጆሮ ላይ ጋሽ በየነ የፍየል ቴርሞሜትር ይሰኩ ነበር። የፍየል ሙቀት በየት በኩል እንደሚለካ የሚያውቅ ሰው ሻይ ቤት ከጎናቸው ሲቀመጥ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ሳብ ያደርጋል። እሳቸው ይህን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ብቻ ከሻይ ብርጭቋቸው ላይ ቀና ሳይሉ “ታጥቧል” ይላሉ።

ሥራቸው ወደብ አጠገብ ነበር። ወደ ዓረብ አገር የሚጫኑት በጎችና ፍየሎች ተራ እስኪደርሳቸው የሚቆዩበት በረት አለ፤ እዚያ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። ከተማው ሁሉ “ዶክተር” ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሳይሰለቹ “ረዳት ነኝ” እያሉ ያርማሉ። ወደብ ላይ ተሸካሚው ሠላሳ ጊዜ ዶክተር ቢላቸው ሠላሳ ጊዜ ያርሙታል፤ ሠላሳ አንደኛውንም አይተዉለትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን “አላውቅም” አባባላቸው ነው። ሰው እንደ ወጉ አላውቅም ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጋሽ በየነ ከፍ ያደርጉታል። የአንድ ትልቅ ሹም ሚስት ውሻዋ ታሞ አስጠራቻቸው አሉ። ውሻውን አገላብጠው አዩት፣ ለኩት፣ አሸተቱትና “አላውቅም!” ብለው ቆሙ። ሴትዮዋ ተቀየመች። “ሌሎቹ ሐኪሞች እኮ አውቀውታል” አለቻቸው። “ስንት ነበሩ?” “ሦስት።” “ሦስቱም አንድ ነገር ነገሩሽ?” “የለም፣ የየራሳቸውን።” “እንግዲያው እኔ አራተኛ አልሆንም” ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ውሻው በራሱ ጊዜ ዳነ።

እኔ የማውቃቸው በታይፕ ምክንያት ነው። ከደሴ ወርጄ አንድ የትራንዚት ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ነበር። የእሳቸው መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስለሌለው የወር ሪፖርታቸውን እኔ ዘንድ ያመጡታል። የእጅ ጽሑፋቸው ዶሮ ከጫረው አይሻልም። ታዲያ ከጎኔ ቆመው እያነበቡልኝ እመታለሁ፤ መሐል ላይ ስለ ፍየል ሳንባ፣ ስለ ግመል እከክ ያወሩኛል። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራቸው፤ የቆዩ የሕክምና መጽሔቶችን በመርከበኛ እጅ ይልክላቸዋል። መጽሔቶቹ የናፍጣ ሽታ ይዘው ይደርሳሉ፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ደጋግመው ያነቧቸዋል።

አንድ ቀን ታዲያ ጉድ ሠራሁ። ሁለት መርከብ በአንድ ሳምንት ገብተው የሁለቱንም የጭነት ወረቀት እንድገለብጥ ተሰጠኝ። አንዲቱ ስንዴ፣ ሌላይቱ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይዛለች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ ላቤን በመሐረብ እየጠረግሁ እቀጠቅጣለሁ። ወረቀቶቹ መሐል ላይ ቃል በቃል አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ነበራቸው፤ “ከላይ የተጠቀሰችው መርከብ ያለ ጉዳት መድረሷን እያረጋገጥን” የሚል። ዓይኔ እዚያ ላይ ከአንደኛው ተነስቶ ሁለተኛው ላይ አረፈ፤ እኔም ምንም ሳይታወቀኝ ቀጠልኩ። ስሟ፣ ካፒቴኗና መነሻዋ የስንዴዋ፣ ሆዷ የቆርቆሮዋ የሆነ መርከብ ወለድኩ።

አለቃዬ ፈረመበት፤ ወረቀቱ ወጣ። ሰይድ በዚያ ወረቀት ቆርቆሮ ሊጭን ሄዶ የስንዴዋ መርከብ ሥር በዚያ ሐሩር ሦስት ሰዓት ቆመ። ከዚያ ቢሮአችን ገብቶ ራሱ ላይ ያለውን የስንዴ አቧራ እያራገፈ፣ “እመቤት፣ ቆርቆሮ ብለሽ ልከሽኝ ስንዴ አስነጠሰኝ” አለ። አለቃዬ ጮኸብኝ። ላለቅስ ትንሽ ሲቀረኝ ሪፖርታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ በየነ ብድግ አሉና ወረቀቱን ከእጁ ተቀበሉት። አነበቡት። ፊታቸው በራ።

“ዓይንሽ የት ላይ ነው የዘለለው?” አሉኝ።

“እዚህ፣ ‘ያለ ጉዳት’ የሚለው ጋ።”

“ይሄ ቃል ሁለቱም ላይ አለ?”

“አለ። አንድ ናቸው።”

“አየሽ!” አሉና ጠረጴዛውን መቱት፤ ቴርሞሜትሩ ከጆሯቸው ሊወድቅ ነበር። “ስድስት ወር ሙሉ በእንግሊዝኛ ሳነበው ያልገባኝን ነገር አንቺ በአማርኛ ታይፕ አደረግሽው!”

አለቃዬ ሰውዬው ሙቀቱ የነካቸው መስሎት ውሃ ሊያስመጣ ወጣ። ሰይድም ነገሩ ሳይገባው መሄድ አልፈለገምና ተቀመጠ። ጋሽ በየነ እንዲህ ብለው አስረዱን፤ “የዶሮ ጉሮሮ የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ አለ። በትልቁ ማጉያ ሲታይ ዙሪያውን አክሊል የደፋ ስለሚመስል ኮሮና ብለውታል። ውስጡ ያለው አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ከመሰሎቹ ሁሉ የረዘመ። ሥራው ራሱን ማስገልበጥ ብቻ ነው። የዶሮዋ ሴል ውስጥ ይገባል፣ ገልባጭ ያቆማል፣ ገልባጯ እንደ ትርሲት ትቀጠቅጣለች።”

“በሽታው እኔ ነኝ እንግዲህ” አልኩ።

“አንቺ ገልባጯ ነሽ፤ አትቀየሚ። አሁን፣ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮሮና አብሮ ቢገባስ? ሁለት ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ሆነ ማለት ነው። ገልባጯ ከአንደኛው ትጀምርና መሐል ላይ የጀመረችውን ቅጂ እንደያዘች ሁለተኛው ላይ ትቀመጣለች። ቃላቱ የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ ይብሳል፤ መለወጧ ለራሷም አይታወቃትም። የዚህ ቫይረስ ገልባጭ ከመጀመሪያውም መዝለል ልማዷ ነው። አንድ ወረቀት ብቻ ቢሰጧትም እየዘለለች አጫጭር ቅጂ ማውጣት የዘወትር ሥራዋ ነው።”

“የኔ ስህተት ታዲያ ምኑ ነው የሚያስደስትዎ?”

“ስህተት አለበት? እስቲ አንድ የተሳሳተ መስመር አሳዪኝ።”

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ አንድም የተሳሳተ መስመር የለም። እያንዳንዱ ቃል ከአንዱ ወይም ከሌላው ወረቀት በትክክል የተገለበጠ ነው።

“መስመሩ ሁሉ ትክክል ነው፤ መርከቧ ግን የለችም” አሉ። “የለችም እንዳንል ደግሞ ሰይድ ሦስት ሰዓት ጠብቋታል። ቫይረሱም እንደዚሁ ነው። ከእንዲህ ያለው ቅጂ አብዛኛው አይረባም፣ ቅርጫት ይገባል። አንዳንዱ ግን ይሠራል። ካባውን ከአንዱ፣ ጉልበቱን ከሌላው ወስዶ ይወጣል። ዶሮዋ የዱሮውን ካባ ነበር የምታውቀው፤ አዲሱን እንደ እንግዳ በር ከፍታ ታስገባዋለች።”

ሰይድ ራሱን እየነቀነቀ፣ “መፍትሔው ምንድን ነው ታዲያ?” አለ።

“ሁለት ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ አለማኖር” አሉ ጋሽ በየነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አንዱን ወረቀት ጨርሼ መሳቢያ ውስጥ ሳልቆልፍ ሌላውን አላወጣም።

ያኔ የምኖረው አሰብ ከቢር በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘሀራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ዘሀራ የባቲ ሰው ናት። ባሏ ሲሞት ሱቁን ወንድሞቹ ወሰዱት፤ ለእሷ የቀራት ግቢውና ሁለት መቶ ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። ዶሮዎቹን ሰይድ ነው ከቢሾፍቱ ውሃ እየረጨ ያመጣላት። እንቁላሉን ለሾፌሮች ምግብ ቤቶችና ለመርከብ ወጥ ቤቶች ታቀርባለች። አሰብ ለሰው እንኳ የምትከብድ ከተማ ስለሆነች በሰፈሩ ሌላ ዶሮ የሚባል የለም። የእሷ ዶሮዎች የሚኖሩት ጣሊያን ጥሎት የሄደ የሚመስል አንድ ትልቅ ቬንትሌተር ያለበት ቤት ውስጥ ነበር። ጎረቤቶቿ “የዘሀራ ዶሮዎች በነፋስ ይተኛሉ፣ እኛ በላብ” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ክትባታቸውን የሚሰጡት ጋሽ በየነ ናቸው። ሰይድ ክትባቱን በቴርሞስ፣ በበረዶ ውስጥ ያመጣል፤ በረዶው ቢሟሟ ከዓሣ ነጋዴዎች ሌላ ይጨመርበታል። ክትባቱ በመጠጥ ውሃቸው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃው ላይ የዱቄት ወተት ይበጠበጣል። “የቧንቧው ውሃ ተሕዋስ የሚገድል መድኃኒት አለበት፤ ክትባቱ ደግሞ ሕይወት ያለው ነው፣ የደከመ ቫይረስ ነው። እንዳይሞትብን ወተት ይቅደመው” ይሉ ነበር። እትዬ ዘሀራ ወተቱን ስትበጠብጥ ከአንደበቷ ቢስሚላህ አይለይም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ከባሕር ማዶ በሳምቡክ፣ በዓረቦቹ ጀልባ፣ የመጡ አርባ ዶሮዎች በርካሽ ተገኙና ገዛች። ጋሽ በየነ ሲሰሙ እየሮጡ መጡ። አንዷን ዶሮ አንስተው ጆሯቸውን ጀርባዋ ላይ ለጠፉ። “ታንኮራፋለች” አሉ። “ዶሮ ነቅታ ስታንኮራፋ ደስ አይልም። ከዱሮዎቹ ጋር እንዳይገናኙ። አንድ ወር ለብቻቸው!” አርባዎቹ በግቢው ዳር፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነች ጎጆ ውስጥ ገቡ። እትዬ ዘሀራም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ ጫማ እንድትቀይር፣ እጇን እንድትታጠብ ታዘዘች፤ ሳታጓድል ፈጸመች።

በሐምሌ ለዱሮዎቹ የማጠናከሪያ ክትባት ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ያ ትኩስ ነፋስ ተነሳ። አሰብን የማያውቅ ሰው ያን ነፋስ ብነግረው አያምነኝም፤ በር ሲከፈት የዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ፊት የቆሙ ነው የሚመስለው። ቢሮ እንደ ሙቀቱ ወራት ልማድ እኩለ ቀን ሳይሆን ተዘግቶ ስመለስ እትዬ ዘሀራ በቆርቆሮው ጎጆ በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ስድስቱ ሞተዋል። የቀሩት ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ጋሽ በየነ በሩ ላይ ቆመዋል።

“እነዚህስ ነፍስ አይደሉም?” አለቻቸው። “እዚያ ቬንትሌተሩ እየነፈሰ እዚህ ይለቁ? እኔ እንቢ ካሉኝ አላስገባም። እርስዎ ይፍረዱ።”

ቴርሞሜትራቸውን ከጆሯቸው አወጡት፣ መልሰው ሰኩት። ያኔ እንቢ ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ግን ጋሽ በየነ ሲያለከልክ የሚያዩት እንስሳ ፊት ልባቸው አይጠናም። “ለዛሬ ከሰዓት ብቻ” አሉና ራሳቸው ጎንበስ ብለው በእያንዳንዱ ብብታቸው ሁለት ሁለት ዶሮ ያዙ። እኔም ተሸከምኩ። በሁለቱ ወገን መካከል ሽቦ ዘረጋን። ጋሽ በየነ ሽቦውን ሲያስሩ፣ “ይሄ ዶሮን ነው የሚለየው፤ ትንፋሽን አይለይም” ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ቬንትሌተሩ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይነፍስ ነበር።

በሳምንቱ የዱሮዎቹ ማሳል ጀመሩ። እንቁላሉ ቀነሰ፤ የሚጣለውም ቅርፊቱ የተጨማደደ፣ ሲሰበር ነጩ እንደ ውሃ የሚፈስ ሆነ። አንድ የመርከብ ወጥ ቤት አንዱን እንቁላል ይዞ መጥቶ፣ “እትዬ፣ ይሄ እንቁላል ነው ዘቢብ?” ብሎ አሳያት። ክትባት የወሰዱ ዶሮዎች ለምን ታመሙ? ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ። ሰይድ ነው! በረዶው ቀልጦ፣ መድኃኒቱን አግሎ አምጥቶ ነው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ሰይድ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ፊቱን ያዞርበት ጀመር። እትዬ ዘሀራም ሰላምታ ነፈገችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለች ለራሷም ቢታወቃት፣ መናደጃ ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ከዚያ እንደ መዳኛ የሆነ ነገር መጣ። አንድ የባሕር ዳርቻ ነጋዴ ዶሮዎቹን በሙሉ እገዛለሁ አለ። በፒክአፕ ጭኖ በባሕሩ ዳር ወዳሉት መንደሮች፣ እስከ በይሉል፣ እስከ ጥዖ ሊወስዳቸው፣ የቀሩትን ደግሞ ወደ ራሔይታ አዙሮ፣ ለየቤቱ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ሊሸጣቸው ነው። እትዬ ዘሀራ አላህን አመሰገነች። በማለዳ ፒክአፑ መጣና ቅርጫቶቹ ወረዱ። ጎረቤት ሁሉ ሊያግዝ ተሰበሰበ፤ ሰይድም ሰላምታ የነፈገችውን ሴት ሊረዳ መጥቶ ነበር።

ጋሽ በየነ መጥተው ግቢው በር መሐል ላይ ቆሙ።

“ዶሮዎቹ አይወጡም” አሉ።

“በማን ትእዛዝ?” አለ ነጋዴው።

“ትእዛዝ የለኝም። ልለምን ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናገር።” ወደ ሰይድ ዞሩ። “ክትባቱ ደህና ነበር። በረዶው አልቀለጠም፤ ራሴ ነኝ የተረከብኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱን ወገን አንድ ቬንትሌተር ሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያውም ክትባቱ ገና በጉሮሯቸው እየተባዛ ሳለ፣ በሦስተኛው ቀን። ያንን ሳላውቅ አይደለም ያደረግሁት፤ እያወቅሁ ነው።”

እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ በሰይድ ላይ እንዳለ ይቀር ነበር። እሳቸው ዶክተር እንደተባሉ፣ እያረሙም እንደኮሩ ይኖሩ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ቀስ ብላ ተነሳች። “እና አሁን ምን ሆኑ ዶሮዎቼ?”

“አላውቅም።” ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰማሁት። “ከባሕር ማዶ የመጣው ቫይረስ ብቻውን ሊሆን ይችላል፤ ያንን የኛ ክትባት ላያውቀው ይችላል። ወይም ደግሞ የእሱና የክትባቱ ቅልቅል፣ ሌላ ቦታ የሌለ አዲስ ነገር ይሆናል። መርምሮ የሚለይ መሣሪያ እዚህ የለም።”

“ካላወቁ ለምን ይከለክሉኛል?”

“ስለማላውቅ ነዋ! ባውቅማ ኖሮ ይሄዳል ወይም አይሄድም ብዬ እቆርጥ ነበር። እትዬ ዘሀራ፣ በይሉል ያለችው ሴት ያላት ሦስት ዶሮ ነው። እርስዎ በሁለት መቶ የደረሰብዎትን እሷ በሦስት አትችለውም።”

እትዬ ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በየትኛውም ወገን ብትሄድ የምትከስረው እሷ ነች፤ ይሄ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ነጋዴው ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቃል። በመጨረሻ፣ “ይገደሉ ነው የሚሉኝ? ተቀብረው ይቅሩ?” አለች።

“የለም፣ የለም! ይሄ የዶሮ በሽታ ነው፤ ሰውን ነካ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። እሳት ላይ ደግሞ አይቆምም። ይታረዱና ይቀቀሉ። ብቻ ከዚህ ግቢ አንዲት ዶሮ በእግሯ አትውጣ። በድስት ትውጣ።”

መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው። ከዚያ ጎረቤቱ ሳቀ። እትዬ ዘሀራ አልሳቀችም፤ ነጋዴውን ግን “በል ቅርጫትህን ሰብስብ” አለችው። ከዚያ ለሰይድ፣ “አንተ፣ ምግብ ቤቶቹን አዳርስልኝ፤ ዶሮ ወጥ አለ በላቸው” አለችውና በዚያው ታረቁ።

ያን ሳምንት የአሰብን መንገድ የረገጠ ሾፌርና ረዳት ሁሉ ዶሮ በላ። ቁርስ ዶሮ፣ ምሳ ዶሮ። ሰይድ በስድስተኛው ቀን፣ “ከእንግዲህ ሰው ሲጠራኝ ኩኩሉ ብዬ ነው የምመልሰው” ይል ነበር። ለእትዬ ዘሀራ ግን እንደ እንቁላሉ ሊሆንላት አልቻለም፤ ወጥ አንዴ ተበልቶ ያልቃል።

ጋሽ በየነ ዶሮዎቹ ባለቁ ማግስት ማለዳ፣ ከሥራ በፊት፣ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው መጡ። ቤቱን ጠረጉ፣ አጠቡ፣ ኖራ ቀቡ። የቬንትሌተሩን ክንፍ አንድ በአንድ ፈትተው ወለወሉ። በማግስቱም መጡ። እንዲህ እያሉ አንድ ወር ሞላቸው። እትዬ ዘሀራ አታናግራቸውም፤ አንድ ጣሳ ውሃ በሩ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። እሳቸውም ጠጥተው ጣሳውን ደፍተው ያስቀምጡታል። አንድ ቀን “ምን አለ ይቅርታ ቢሏት?” ብላቸው፣ “ይቅርታማ ቃል ነው፤ ግድግዳው ነው የቆሸሸው” አሉኝ።

ቤቱ ባዶውን ከርሞ ሰይድ ጫጩቶች አመጣ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ። እትዬ ዘሀራ ጫጩቶቹ እንደገቡ ጋሽ በየነን አስጠራች። “በሩ ላይ የሚቆሙ እርስዎ ነዎት” አለቻቸው። “እኔ ባለቅስም፣ ብማልድም፣ ሌላ ዶሮ አስገባለሁ ብልም እንዳይሰሙኝ።” እሳቸውም፣ “እኔም ካለቀስኩ እርስዎ አይስሙኝ” ብለው ተጨባበጡ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቢሮአችን መኪና በይሉል ደርሶ የሚመለስ ስለነበር አብሬ ሄድኩ። ባሕሩ ዳር፣ የተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር፣ አንዲት የአፋር ሴት ዶሮዎች ነበሯት፤ ሦስት አልነበሩም፣ አራት ናቸው። የሾፌራችን ረዳት አፋርኛ ይችላልና እንቁላል እንዳላት ጠየቀልኝ። ሁለት ሰጠችኝ። ሴትዮዋ ስለ ዶሮዎቿ ብዙ ለማውራት አልፈለገችም፤ ዶሮዎች ናቸው፣ ይጭራሉ፣ ይጥላሉ፤ ምን ይወራል?

አሰብ ስደርስ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄድኩና እንቁላሎቹን ለጋሽ በየነ ሰጠኋቸው። ፀሐይ ላይ አድርገው አገላብጠው አዩአቸው፤ በአውራ ጣታቸው ቅርፊቱን ዳሰሱት።

“ዶሮዎቹ ያስላሉ?”

“አያስሉም። ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ መለጠፍ ነው የቀረኝ።”

“ሴትዮዋ ስለ እኔ ሰምታለች?”

እንዲደሰቱ ልዋሽ አሰብኩ፤ ግን እሳቸው ፊት መዋሸት አይቻልም። “ጋሽ በየነ፣ እርስዎ የሚባል ሰው መኖሩንም አታውቅም” አልኳቸው፤ ወዲያው ቆጨኝ።

“ተመስገን” አሉ ጋሽ በየነ። “እንዳታውቅ ነው እኮ የለፋነው።”